«7:00 ከሰዓት» ስንት ሰዓት ነው? የግል ረዳት አገልግሎትና የእኛ ኮድ

ዛሬ ስለ አዲስ ስልክም ስለ አዲስ ኪቦርድም አልጽፍም። አንድ ሰው ጠዋት ከአልጋው ለመነሣት፣ ለመታጠብ፣ ለመልበስና ቁርሱን ለመብላት የሌላ ሰው እጅ ያስፈልገዋል እንበል። ያ እጅ መቼ እንደሚመጣና ስንት ሰዓት እንደሚቆይ በመወሰን በኩል ዛሬ ሶፍትዌር ትልቅ ድርሻ አለው። የምጽፈው ስለዚያ ሶፍትዌር ነው። ነገሩ ከሙያችን የራቀ ከመሰላችሁ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ፤ ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ የራሳችሁን ኮድ ታገኙታላችሁ።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። በግል ረዳት አገልግሎት ውስጥ ዋናው ጉዳይ ውሳኔው የማን እንደሆነ ነው። ውሳኔው የአካል ጉዳተኛው ከሆነ አገልግሎቱ ነጻነት ይሆንለታል፤ የሌላ ሰው ከሆነ ግን በጥሩ ስም የተጠራ ጥበቃ ይሆንበታል። እየሠራናቸው ያሉት አፖች ደግሞ ውሳኔውን ቀስ በቀስ ከሰውየው እጅ እያወጡት ነው። አማርኛ ተናጋሪው ላይ ሲደርስ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። ይህን ማስተካከል የምንችለው ደግሞ እኛው ነን።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ረዳት እጅ ነው፣ አለቃ አይደለም

ሐሳቡ የመጣው ከሐኪሞችም ከመንግሥትም አይደለም፤ ከአካል ጉዳተኞች ከራሳቸው ነው። አሜሪካዊው ኤድ ሮበርትስ በ14 ዓመቱ በፖሊዮ ታመመና ከአንገቱ በታች ያለው አብዛኛው አካሉ አልታዘዝ አለው። ለመተንፈስ «የብረት ሳንባ» የሚባል ግዙፍ መሣሪያ ያስፈልገው ነበር። በ1962 በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ያን ከባድ መሣሪያ የሚችል ዶርም ስላልነበረ መኖሪያው በግቢው ሆስፒታል ውስጥ ሆነ። እሱን ተከትለው የመጡ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ረዳቶቻቸውን ራሳቸው መቅጠርና ማሠልጠን ጀመሩ፤ ያልተስማማቸውንም ያሰናብቱ ነበር። ከዚያ እንቅስቃሴ በ1972 በርክሌይ ውስጥ ራስን ችሎ የመኖር ማዕከል ተወለደ። ሮበርትስ ራሱ በ1975 የካሊፎርኒያ የተሐድሶ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነ። ያ መሥሪያ ቤት ቀደም ሲል «ጉዳትህ ከባድ ስለሆነ ሥራ ልትሠራ አትችልም» ብሎት የነበረው ነው።

እነዚህ ሰዎች «ራስን መቻል» የሚለውን ቃል ትርጉሙን ለወጡት። ሸሚዙን ብቻውን ለመልበስ አንድ ሰዓት የሚፈጅበት ሰው አለ እንበል። ረዳት በአምስት ደቂቃ ካለበሰው በቀረው ጊዜ ወደ ክፍል ይሄዳል፣ ይሠራል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል። ታዲያ ራሱን የቻለው የትኛው ነው? ሲታገል የሚውለው ነው ወይስ «ዛሬ ሰማያዊውን አልብሰኝ» ብሎ አዝዞ ከቤቱ የሚወጣው?

ስዊድን ይህን ሐሳብ ሕግ አደረገችው። ራሱ አካል ጉዳተኛ የሆነው አዶልፍ ራትስካ ከጓደኞቹ ጋር በ1984 በስቶክሆልም የራስን ችሎ መኖር የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረተ፤ የማኅበሩ አባላት ለራሳቸው ረዳቶች አሠሪዎቹ እነሱው ነበሩ። ከጥር 1 ቀን 1994 ጀምሮ የሚሠራው የስዊድን ሕግ ደግሞ የግል ረዳትን መብት አድርጎ ደነገገ። ለመታጠብ፣ ለመልበስ፣ ለመብላትና ለመሳሰሉት መሠረታዊ ነገሮች በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ክፍያውን ከመንግሥት የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ያገኛል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በ2006 ሲጸድቅ በአንቀጽ 19 የግል ረዳትን በስም ጠቅሶታል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት በ2010 አጽድቃለች።

በአገራችን ይህን ሥራ የሚሠራው ባብዛኛው ቤተሰብ ነው፤ እናት፣ እህት፣ ከገጠር የመጣች የዘመድ ልጅ፣ ዓይነ ስውሩን የሚመራ ታናሽ ወንድም። ፍቅር አለበት፣ አልክድም። ነገር ግን የሚረዳህ ሰው ደመወዝ የማይከፈለው ታናሽ ወንድምህ ሲሆን «ዛሬ ማታ ጓደኞቼ ጋ ውሰደኝ» ለማለት ስንት ጊዜ ታስባለህ? ይሉኝታ ራሱ የውሳኔ ማሰሪያ ነው።

የእኛ ሰው በሁለቱም ወገን አለ

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሚኒሶታ ወይም በሲያትል የምትኖሩ ሆም ኬር የሚሠራ ዘመድ ወይም ጓደኛ የሌላችሁ ጥቂቶች ናችሁ። ሪያድና ዱባይ ያሉ እህቶቻችንም በቤት ሠራተኝነት ስም ተቀጥረው አረጋዊና አካል ጉዳተኛ ሲያነሡና ሲያጥቡ ይውላሉ፤ ውላቸው ላይ ግን ያ ሥራ በስሙ አልተጻፈም። በሌላ በኩል ወላጆቻችን እያረጁ ነው፤ ከእኛ መካከልም አካል ጉዳት ያለባቸው አሉ። ስለዚህ ረዳቷም ተረጂውም አማርኛ ተናጋሪ የሆኑባቸው ቤቶች አሉ። በእነዚያ ቤቶች ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገረው ስልኩ ላይ ያለው አፕ ነው።

አፑ ሲገባ

በታኅሣሥ 2016 የወጣ አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በሜዲኬይድ የሚከፈል የቤት ውስጥ የግል ርዳታ ሁሉ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲረጋገጥ አዘዘ። ሕጉ የሚጠይቀው ስድስት ነገሮች ብቻ ነው፤ የተሰጠው አገልግሎት፣ ተረጂው፣ ረዳቱ፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ እንዲሁም የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት። ለእኛ ለፕሮግራመሮች ይህ አንድ ሠንጠረዥ ነው፤ በአንድ ከሰዓት ይሠራል።

ሕጉ ጂፒኤስ ተጠቀሙ አላለም። በቤት ስልክ ደውሎ መመዝገብም ይቻላል። በተግባር ግን ብዙ ቦታ የተመረጠው የረዳቷን ስልክ በጂፒኤስ የሚከታተል አፕ ነው። እስቲ አስቡት፤ ረዳቷ ያለችው ከተረጂው ጋር ነው። እሷ የት እንደሆነች ያወቀ ሁሉ እሱም የት እንደሆነ ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን ቢሄድ፣ ሰላማዊ ሰልፍ ቢወጣ፣ ፍቅረኛው ጋ ቢያመሽ መረጃው ተመዝግቦ ይቀመጣል። አንዳንዱ አፕ ደግሞ ክሎክ ኢን የተደረገው ከተመዘገበው አድራሻ ርቆ ከሆነ «ስህተት» ብሎ ያስቆማል። እግሩን ለመተካት የመጣ አገልግሎት ሰውየውን መልሶ ቤቱ ውስጥ ያስቀምጠዋል ማለት ነው።

የማውቃት አንዲት እህት የምትሠራበት ድርጅት ያሠራጨው አፕ ኔትወርክ ሲጠፋ ሰዓቷን አይዝላትም ነበር። ደመወዟ በጎደለ ቁጥር ቢሮ ሄዳ ቅጽ ትሞላለች። ሁለት ወር ታግሣ ወደ መጋዘን ሥራ ገባች። በዚህ ታሪክ ውስጥ የጎደለው የእሷ ብር ብቻ አይደለም፤ ልማዱን የምታውቅ፣ እንዴት እንደሚነሣ ያጠናች ረዳቱን ያጣ አንድ ሰውም አለ። አዲስ ረዳት እስኪገኝ ድረስ ያ ሰው አልጋ ላይ ያረፍዳል። ከመስመር ውጭ የማይሠራ አፕ በእኛ ቋንቋ «የሚታወቅ ችግር» ይባላል፤ በእሱ ቤት ግን ቁርስ ሳይበሉ መዋል ነው።

ሌላውን ምሳሌ ከአርካንሶ ግዛት ልንገራችሁ። በ2016 ግዛቱ ለአንድ ሰው በሳምንት ስንት የርዳታ ሰዓት እንደሚገባው የሚወስነውን ሥልጣን ከነርሶች ወስዶ ለአልጎሪዝም ሰጠ። የሰዎቹ አካል እንደነበረ ነው፤ ሰዓታቸው ግን ተቆረጠ። በሳምንት 56 ሰዓት ይፈቀድላት የነበረች ሴት ወደ 32 ዝቅ አለችባት። ለምን ብላ ብትጠይቅ ሊያስረዳት የቻለ ሰው አልነበረም፤ ኮምፒውተሩ ነው ያለው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ሲመረመር ፕሮግራሙ አንዳንድ የጤና ሁኔታዎችን በትክክል እንደማይቆጥር ታወቀ። በ2018 ፍርድ ቤቱ አሠራሩን ውድቅ አደረገው። አንድ ያልተፈተነ «ኢፍ» የሰውን ቀን ግማሽ ሊወስድ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ወደ አማርኛ ስንመጣ

አሁን ወደ ርዕሱ ጥያቄ ልመለስ። ብዙዎቻችን የቀንና የሰዓት አጻጻፍን የምንወስደው ዩኒኮድ ኮንሶርሽየም ከሚያስተዳድረው ሲኤልዲአር ከሚባለው የቋንቋዎች መረጃ ክምችት ነው፤ አንድሮይዱም ብራውዘሩም እሱን ይጠቀማሉ። በአማርኛ ስናዘው ከእኩለ ቀን በፊት ያለውን «ጥዋት»፣ በኋላ ያለውን «ከሰዓት» ይለዋል። ቁጥሩን ግን አይለውጠውም። ስለዚህ ሰውየውን አልጋ ላይ ለማስተኛት ማታ አንድ ሰዓት ላይ የተያዘ ቀጠሮ ስክሪኑ ላይ «7:00 ከሰዓት» ሆኖ ይወጣል።

ይህን ከአዲስ አበባ በቅርብ ለመጣች ረዳት አሳዩአት። «ከሰዓት 7 ሰዓት» ለእሷ ምሳ ሰዓት ነው። በ7 ሰዓት ትመጣለች፤ ማታ ሰውየው ዊልቸሩ ላይ ሰው እየጠበቀ ያመሻል። «2:00 ጥዋት» ደግሞ ለፕሮግራሙ ሌሊት 8 ሰዓት ነው፤ ለእኛ ግን ቁርስ ሰዓት። እያንዳንዱ ፊደል በትክክል ተተርጉሟል፤ መልእክቱ ግን ስድስት ሰዓት ስቷል። አሜሪካ የቆየ ሰው የፈረንጁን አቆጣጠር ይለምዳል ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ችግሩን የሚያከብደውም እሱ ነው፤ ግማሻችን በዚህ፣ ግማሻችን በዚያ እንቆጥራለን፤ ስክሪኑ ደግሞ በየትኛው እንደሚቆጥር አይናገርም።

የሌሊት ፈረቃ ሲሆን ቀኑም አብሮ ይምታታል። በእኛ ልማድ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ስለሆነ ፕሮግራሙ «ዓርብ» የሚለውን የሌሊት 8 ሰዓት ብዙ ሰው «ሐሙስ ሌሊት» ይለዋል። አማርኛ ለዚህ «ለዓርብ አጥቢያ» የሚል የማያሻማ አነጋገር አለው። አንድ ፕሮግራም ላይ ተጽፎ ባየው ደስታዬ ነው።

ቃላቱም ሌላ ጣጣ ናቸው። ሰውን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማዛወር በእንግሊዝኛው «ትራንስፈር» ይባላል። ያየሁት አንድ የአማርኛ ቅጽ «ዝውውር» ብሎ ተርጉሞታል፤ የመንግሥት ሠራተኛ ከደሴ ወደ ጎንደር የሚዛወር ነው የሚመስለው። ተረጂውን ደግሞ «በሽተኛ» ይለዋል። አካል ጉዳተኛ በሽተኛ አይደለም፤ በዚህ አገልግሎት ውስጥ ደግሞ የረዳቱ አሠሪ እሱ ነው። ትእዛዞቹም «ተጫን»፣ «ጻፍ» እያሉ የሰባ ዓመት እናትን አንተ ይላሉ። አማርኛ አንተ፣ አንቺና እርስዎን ይለያል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ «እንዴት ልጥራዎት?» ብሎ አንድ ጊዜ ቢጠይቅ ምን ይጎዳዋል?

ድምፅስ? ብዙ አካል ጉዳተኛ መጻፍ ስለማይችል፣ ወይም ስለማያይ፣ ድምፅ ለእሱ ቅንጦት አይደለም። በነጻ የሚገኘው ኢስፒክ ኤንጂ አማርኛ ያነብባል፤ ኤንቪዲኤ የተባለው የስክሪን አንባቢም ይጠቀምበታል። ነገር ግን ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። «ይበላል» የሚበላውን ሰው ነው ወይስ የሚበላውን ምግብ? እኛ ከዐረፍተ ነገሩ እንለየዋለን፤ ማሽኑ ግን መማር አለበት። አነጋገሩ በጉዳት ምክንያት የተለየ ሰው ደግሞ ተራው የድምፅ መለያ አይገባውም። ጎግል በ2019 ፕሮጀክት ዩፎኒያ ብሎ እንደዚህ ያለ የእንግሊዝኛ ንግግር መሰብሰብ ጀምሯል። ለአማርኛ የሚሰበስበው እኛ ካልሆንን ማን ይሆናል?

እንግዲህ ምን እንሥራ?

ሮቦት አላልኩም። ትልቅ ካምፓኒም አያስፈልግም። እኔ የማስበው ቅዳሜና እሑድ የሚጀመሩ አራት ሥራዎችን ነው።

አንደኛ፣ የሰዓት ላይብረሪ። ሰዓቱ ዳታቤዝ ውስጥ በዩቲሲ ይቀመጥ፤ ስክሪኑ ላይ ግን ሁለቱም ይታዩ፤ «ማታ 1 ሰዓት፣ በአሜሪካ ሰዓት 7:00»። ማታ፣ ሌሊት፣ ጠዋት፣ ከሰዓት የሚሉት በእኛ አቆጣጠር ይምጡ። ትንሽ ኮድ ናት፤ ከተለቀቀች ግን የመድኃኒት አፕ የሚሠራውም የቀጠሮ አፕ የሚሠራውም ይወስዳታል።

ሁለተኛ፣ የመመሪያ ደብተር። አካል ጉዳተኛው በራሱ ድምፅ፣ በአማርኛ፣ እንዴት እንደሚነሣ፣ የትኛው ትከሻው እንደሚያመው፣ ቡናው በምን እንደሚሰጠው፣ ምን ሲደረግበት እንደማይወድ የሚቀዳበት። አዲስ ረዳት ስትመጣ ማጫወት ብቻ ነው፤ በየጊዜው ከሀ መጀመር ይቀራል። ቅጂው በእሱ ስልክ ላይ ይቀመጥ፤ ማን እንደሚሰማው እሱ ይፍቀድ፤ ረዳቷ ሥራ ስትለቅ ፈቃዱ ይዘጋ።

ሦስተኛ፣ የተተኪ ጥሪ። ረዳት ሳትመጣ ስትቀር በአንድ ንክኪ ወይም በአንድ ቃል፣ ሰውየው አስቀድሞ ለመረጣቸው ሦስት አራት ሰዎች መልእክት የሚሄድበት። ማን ይምጣ የሚለውን የመረጠው ራሱ ነው።

አራተኛ፣ የረዳቷ የግል መዝገብ። የሠራችበትን ሰዓት ከድርጅቱ አፕ ውጭ፣ ኔትወርክ ኖረም አልኖረም፣ በአማርኛ የምትይዝበት። ደመወዟ ሲጎድል የምታሳየው ነገር ይኖራታል። የተከበረች ረዳት ደግሞ አትለቅም፤ ይህ ለተረጂውም ጥቅም ነው።

ከአራቱም በፊት ግን አንድ ነገር ይቀድማል። «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» እንላለን። ባለቤቱ አጠገባችን ተቀምጦ ከመጮኹ በፊት መስመር ኮድ አንጻፍ። አካል ጉዳተኞችን በመጨረሻ «እስቲ ሞክሩልን» ብለን ከመጥራት ይልቅ ምን ይሠራ የሚለውን ከእነሱ ጋር እንወስን፤ ለጊዜያቸውም እንክፈል። የእኛ ሙያ ሲሆን በሰዓት እናስከፍላለን፤ የእነሱ የሕይወት ልምድ ሲሆን ለምን በጽድቅ እንጠይቃለን?

ሁለት መቃወሚያዎች

«ማጭበርበር አለኮ፤ ቁጥጥር ባይኖር ያልሠራ ይከፈለዋል» የሚሉ አሉ። ማጭበርበር መኖሩን አልክድም። ሕጉ ግን የጠየቀው ስድስት መረጃ ነው። ሰባተኛውን፣ ስምንተኛውን፣ የቀኑን ሙሉ ጉዞ የጨመርነው እኛ ነን፤ መጨመሩ ቀላል ስለሆነ ብቻ። ጎበዝ መሐንዲስ ከሚፈለገው በላይ መረጃ አይሰበስብም፤ ያልሰበሰብከው መረጃ አይሰረቅብህም።

ሌሎች ደግሞ «አማርኛ ተናጋሪው ጥቂት ነው፣ ገበያ የለውም» ይላሉ። በአንድ ከተማ ቢቆጠር ጥቂት ሊሆን ይችላል። ግን ስለ ሰዓት፣ ስለ አክብሮት፣ ስለ ድምፅ የምንሠራው ሥራ ሁሉ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳርና ሐዋሳም ይደርሳል። እዚያ የግል ረዳት በሕግ የሚከፈልበት ቀን ሲመጣ የሚጫነው ሶፍትዌር ከውጭ የተቀዳ መቆጣጠሪያ ይሁን ወይስ ሰውየውን አሠሪ የሚያደርግ መሣሪያ? መልሱ አሁን በምንጽፈው ላይ ይመሠረታል።

እስከዚያው አንድ ቀላል ፈተና ልስጣችሁ። በዚህ ሳምንት ስልካችሁን ወደ አማርኛ ቀይሩና በሠራችሁት አፕ ላይ ማታ አንድ ሰዓት ቀጠሮ ያዙ። ከዚያ ለእናታችሁ ወይም ለአክስታችሁ አሳዩና «በስንት ሰዓት ትመጫለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። ምሳ ሰዓት ካለቻችሁ የሚስተካከለው እሷ ሳትሆን ኮዱ ነው።